«ሌላስ?»፦ በዱር አጋዘንና በዱር አሳማ ላይ ስለሚደራረቡ በሽታዎች

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ አንድ ቄራ ተመድቤ ነበር። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ የታረደውን ከብት ጉበት፣ ሳንባና ንፍፊት (ሊምፍ ኖድ የምንለውን) እየመረመሩ ቅጽ መሙላት ነው። አንድ ቀን ጠዋት የአንድ በሬ ጉበት ስሰነጥቅ የሐሞት ቧንቧዎቹ ደድረው፣ ውስጣቸው በጉበት ትል ተሞልቶ አገኘሁት። ደስ አለኝ ብል አልዋሽም፤ ክፍል ውስጥ በሥዕል ብቻ ያየሁትን ነገር በእጄ አገኘሁ። ቅጹ ላይ «የተገኘ በሽታ» ከሚለው ፊት ለፊት «ፋሺዮሎሲስ» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው በሬ ልሄድ ስል፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የሥጋ መርማሪ ከኋላዬ ቆመው «ሌላስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በሽታውን አግኝቼዋለሁ እኮ» አልኳቸው።

«እሱን አየሁት። ሌላስ ነው ያልኩሽ።»

መልስ አልነበረኝም። ቢላቸውን አነሱና በሁለቱ ሳንባዎች መሀል ያለውን ንፍፊት ሰነጠቁት። ቢላው አሸዋ እንደነካ ቅርር አለ። ውስጡ ቢጫ ሆኖ እንደ ደረቀ አይብ ይፈረፈራል። ነቀርሳ ነው! «አንዱን ስታገኚ ዓይንሽ ያርፋል፤ በሽታው ግን አያርፍም» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በጣም አፈርኩ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ያ በሬ በመዝገቡ ላይ «የጉበት ትል ብቻ» ተብሎ ያልፍ ነበር፤ ፊርማውም የእኔ ነው። ቆይቼ ቅጹን ሳየው ደግሞ ሌላ ነገር ታዘብኩ፤ «የተገኘ በሽታ» ለሚለው የተተወለት ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው። ቅጹም እንደ እኔ አንድ በሽታ ብቻ የሚጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ወደ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ስለ ጥምር ኢንፌክሽን፣ ማለትም አንድ እንስሳ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ በሆኑ ተሕዋስያን ስለመያዙ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ በዱር እንስሳት ላይ በደንብ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ስፔን ነው፤ እንስሳቱም የዱር አሳማና አጋዘን ናቸው። ለምን እነሱ ቢባል ምክንያቱ ቀላል ነው። በየዓመቱ አዳኞች ብዙ እንስሳት ይገድላሉ፤ ተመራማሪው ደግሞ ሙሉ አካላቸውን ከፍቶ የማየት ዕድል ያገኛል። ለሌላው የዱር እንስሳ እንዲህ ያለ ዕድል እምብዛም አይገኝም።

ስለ ስሞቹ

በቅድሚያ ግራ እንዳንጋባ ስሞቹን እናጥራ። በአማርኛ «አጋዘን» ስንል የምናስበው የራሳችንን አጋዘን ነው፤ በባሌ ተራሮች የሚኖረውን የደጋ አጋዘን ጨምሮ። እነዚህ ግን በዝምድና ከከብትና ከፍየል ቤተሰብ ናቸው፤ ቀንዳቸው ቅርንጫፍ የለውም፣ ዕድሜ ልካቸውንም አይወልቅም። እዚህ የማነሳቸው የአውሮፓ አጋዘኖች የሌላ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ወንዶቹ ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ ያወጣሉ፤ በየዓመቱም ጥለውት እንደገና ያበቅላሉ። የዚህ ቤተሰብ አባል በአገራችን ዱር የለም። የዱር አሳማውም የእኛ ከርከሮ አይደለም። የቤት አሳማ የተገኘው ከእሱ ነው፤ ሁለቱ ዛሬም አንድ ዝርያ ስለሆኑ በሽታ በቀላሉ ይለዋወጣሉ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም ልብ በሉልኝ።

ዶኛና፦ አንድ ውኃ፣ ብዙ እንስሳ

ዶኛና በደቡብ ምዕራብ ስፔን፣ የጓዳልኪቪር ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገባበት አካባቢ የሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የተቋቋመው በ1969 ሲሆን በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስፋቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በክረምት ሰፊ ረግረግ ይሆናል። በበጋ ግን ረግረጉ ይደርቅና በቀሩት ጥቂት የውኃ ቦታዎች ዙሪያ ሁሉም ይሰበሰባል፤ ቀዩ አጋዘን፣ ዳማ የሚባለው አነስ ያለ አጋዘን፣ የዱር አሳማው፣ እንዲሁም በፓርኩ ውስጥ የሚግጡ የገበሬ ከብቶች። የዱር አሳማ ደግሞ ዝም ብሎ ጠጥቶ አይሄድም፤ ጭቃው ውስጥ ይንከባለላል፣ አፈሩን በአፍንጫው ይቆፍራል።

ከ2006 እስከ 2007 በፓርኩ ከተገኙ እንስሳት ናሙና ተወስዶ በ2008 በታተመ ጥናት፣ የከብት ነቀርሳ የሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ በዱር አሳማው ላይ 52 በመቶ፣ በቀዩ አጋዘን ላይ 27 በመቶ፣ በዳማው ላይ 18 በመቶ ገደማ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ ይህ በጋጣ ተጨናንቆ የሚኖር የወተት ላም ቁጥር አይደለም፤ ሜዳ ላይ የሚኖር እንስሳ ነው።

ጉዳዩ የአጋዘንና የአሳማ ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በዚያው ፓርክ የአይቤሪያ ሊንክስ የሚባል ብርቅዬ የዱር ድመት ይኖራል። ዋና ምግቡ ጥንቸል ነው፤ አልፎ አልፎ ግን የአጋዘን ግልገል ወይም ጥንብ ይበላል። በ1998 አንድ ሊንክስ በዚሁ ነቀርሳ ሞቶ ተገኘ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዚህ ድመት ቁጥር በዓለም ላይ ከ100 በታች እንደነበር ስናስታውስ የአንዱ ሞት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባናል። ደግነቱ በተደረገለት ጥበቃ በ2023 ቆጠራ ከ2,000 በላይ ደርሷል።

ነቀርሳው ብቻውን አይደለም

እስካሁን ያወራሁት ስለ አንድ በሽታ ነው። «ሌላስ?» ብለን ስንጠይቅ ነው ታሪኩ የሚጀምረው። በደቡብ ምዕራብ ስፔን የዱር አሳማዎች ላይ ከነቀርሳው ጋር ደጋግመው የሚገኙ ሦስት ጎረቤቶች አሉ።

የመጀመሪያው ሰርኮቫይረስ ዓይነት 2 ነው። በእንስሳት ላይ ከሚታወቁት በጣም ትናንሽ ቫይረሶች አንዱ ቢሆንም ጉዳቱ ትንሽ አይደለም፤ የሚያጠቃው የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ነውና። ለእኛ ተማሪዎች ምሳሌው ቅርብ ነው። ስለ ኤችአይቪና ሳንባ ነቀርሳ ጥምረት ያልሰማ ማን አለ? ቫይረሱ ጠባቂውን ያዳክማል፤ ተኝቶ የነበረው ነቀርሳ ይነሳል። የሰርኮቫይረስ አሠራር በዝርዝሩ የተለየ ነው፤ ወደ ሐሳቡ ግን ይቀርባል።

ሁለተኛው የአውየስኪ በሽታ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1902 ከገለጸው የሃንጋሪ የእንስሳት ሐኪም ነው። ቫይረሱ የሄርፒስ ወገን ነው። እንደ አንዳንድ ዘመዶቹ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና እንስሳው ሲጨነቅ፣ ሲራብ ወይም ሲጨናነቅ እንደገና ይወጣል። ያደገ አሳማ ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል፤ ውሻን ግን ይገድላል። የአዳኞች ውሾች ጥሬ ሥጋ በልተው የሚሞቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስተኛው የሳንባ ትል፣ ሜታስትሮንጂለስ ነው። የዚህ ትል እጭ የሚያድገው በምድር ትል ውስጥ ነው። የዱር አሳማ ደግሞ አፈር ቆፍሮ የምድር ትል መብላት ይወዳል፤ ስለዚህ ከትሉ የሚያመልጥ ጥቂት ነው፤ በተለይ ግልገሎቹ በብዛት ይያዛሉ።

በ2014 ከዚያው አካባቢ የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከነቀርሳው በተጨማሪ እነዚህን ጎረቤቶች የተሸከሙ የዱር አሳማዎች ቁስላቸው በአንድ ንፍፊት ተወስኖ የመቅረት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አካላት የተዛመተ ሆኖ ይገኛል። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ቁስሉ በአንድ ንፍፊት ታጥሮ የተቀመጠበት አሳማ ለሌላው ያን ያህል አያሰጋም። በሰውነቱ የተዛመተበት ግን በአፉ፣ በአፍንጫውና በሰገራው ባክቴሪያውን ወደ ውኃው ይረጫል። በሌላ አነጋገር ቫይረሱና ትሉ የሚጎዱት የተሸከማቸውን አሳማ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ከዚያ ውኃ የሚጠጣውን አጋዘንና ላም ጭምር ነው።

አብሮ መገኘትና መተጋገዝ አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ተሳስቼበታለሁ። ሁለት በሽታዎች በአንድ እንስሳ ላይ ስለተገኙ ብቻ «ተረዳድተዋል» ማለት አይቻልም። ስሌቱን እንመልከት። ከ100 አሳማ 50ው ነቀርሳ፣ 50ው ደግሞ ሰርኮቫይረስ ቢኖርባቸው፣ ሁለቱ በሽታዎች ፈጽሞ ባይተዋወቁ እንኳ በአጋጣሚ ብቻ 25ቱ አሳማዎች ሁለቱም ይኖሩባቸዋል። ስለዚህ «25 አገኘሁ» ማለት ምንም አያሳይም፤ 40 ቢሆን ግን ጥያቄ ያስነሳል።

ዕድሜም አለ። ያረጀ እንስሳ ብዙ ዓመት ስለኖረ ብዙ ነገር ይሰበስባል። የሁለቱን በሽታዎች መደራረብ ያመጣው ዕድሜው ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ከአዳኝ የመጣ ሬሳ የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ማለት ነው፤ የትኛው ቀድሞ እንደገባ አይነግረንም። ነቀርሳው ያደከመው አሳማ ነው ወይስ ትሉ ያደከመው? በመሆኑም ጥሩ ጥናት ዕድሜን፣ ጾታን፣ ቦታንና ወቅትን ለይቶ ያያል፤ ከተቻለም ሕያው እንስሳ ይዞ፣ ምልክት አድርጎ፣ እንደገና ይዞ ይመረምራል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

በኢሚዩኖሎጂ ትምህርት የተማርነውን እናስታውስ። ሰውነት በሕዋስ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያን የሚዋጋበትና ትልልቅ ትሎችን የሚዋጋበት መንገድ የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ቲ ኤች 1 የምንለው፣ ለሁለተኛው ቲ ኤች 2 የምንለው ምላሽ ይነሳል። አንዱ ሲያይል ሌላው ይዳከማል። ሆዱና ሳንባው በትል የተሞላ እንስሳ ኃይሉን ወደ ትሉ አዙሮ ሳለ ነቀርሳው ክፍተት ያገኛል። እርግጥ ነው፣ በገጠር ያለው እውነታ ከመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል የበለጠ የተወሳሰበ ነው። ረሃብ፣ እርግዝና፣ ድርቅ ሁሉም ይገቡበታል። መሠረቱ ግን ይህ ነው።

ወደ አጋዘን ስንመጣ ደግሞ መዥገር አለ። አንድ መዥገር በአንድ ንክሻ ከአንድ በላይ ተሕዋስያን ሊያስተላልፍ ይችላል። በአውሮፓ ትንሹ አጋዘን ላይ በብዛት የሚገኘው አናፕላዝማ ፋጎሳይቶፊለም ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይኖራል፤ ማለትም የጠባቂውን ቤት ይከራያል። በእንግሊዝ የበግ ግልገሎች ላይ ይህ ተሕዋስ ሲገባ ተራ የቆዳ ባክቴሪያ መገጣጠሚያቸው ውስጥ መግል እንደሚያስይዝ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በአንጻሩ የላይም በሽታ የሚያመጣው ቦረሊያ በአጋዘን ደም ውስጥ መኖር አይችልም፤ ደሙ ይገድለዋል። ግን አጋዘኑ መዥገሩን በብዛት ስለሚመግብ በሌላ መንገድ በሽታው እንዲቀጥል ይረዳል። እንግዲህ «አጋዘን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብሎ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም።

ምርመራው ሲታለል

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። በ2012 በእንግሊዝና በዌልስ የወተት ላሞች ላይ የተሠራ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የጉበት ትል ያለበት ላም በነቀርሳ የቆዳ ምርመራ የመታወቅ ዕድሉ ይቀንሳል። ምርመራው የሚመረኮዘው ሰውነት በሚሰጠው ምላሽ ላይ ነው፤ ትሉ ደግሞ ምላሹን ያፍነዋል። ተመራማሪዎቹ በዚህ ምክንያት ሳይታወቅ የሚያልፈው ነቀርሳ ከሦስት አንድ ያህል ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል።

ይህን ሳነብ የቄራው በሬ ትዝ አለኝ። የጉበት ትል የሞላበት፣ ነቀርሳም የነበረበት በሬ! በሕይወት እያለ ቢመረመር ኖሮ «ነፃ ነው» ሊባል ይችል ነበር ማለት ነው። ያው የጉበት ትል ቀዩን አጋዘንም ይይዛል። ስለዚህ በላም ላይ የታየው ችግር በዱርም ሊያጋጥም ይችላል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

መጨናነቅ፦ የጋራ አባት

ብዙ በሽታዎች በአንድ ቦታ ሲደራረቡ አንዱ ሌላውን ጠራው ከማለታችን በፊት ሁሉንም የጠራ አንድ ነገር እንዳለ ማየት አለብን። በስፔን ብዙ የአደን መሬቶች በአጥር የታጠሩ ናቸው። ባለቤቶቹ እንስሳው እንዲበዛላቸው እህል ያፈሳሉ፤ ውኃ ያጠራቅማሉ። እንስሳው ይበዛል፤ በአንድ ገበታም ይበላል። ከዚያ በምራቅም፣ በሰገራም፣ በትንፋሽም የሚተላለፈው ሁሉ መንገድ ያገኛል።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ በ1994 አንድ አዳኝ የገደለው አጋዘን ነቀርሳ ተገኘበት። ሲጣራ አካባቢው ለረጅም ጊዜ ለአጋዘን ምግብ ሲከመርበት የነበረ መሆኑ ታወቀ። ከእርምጃዎቹ አንዱም ይህን ልማድ መከልከል ሆነ። ለእኔ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ መጨናነቅን መቀነስ አንድን በሽታ ሳይሆን አብረው የሚጓዙትን ሁሉ ይነካል።

አንዱን ብናክም ምን ይሆናል?

«እንግዲያው ትሉን እናክም፣ ነቀርሳውም ይቀንሳል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔም ይህንኑ ጽፌ ልጨርስ ነበር። ነገር ግን በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በጎሽ ላይ የተሠራው ሙከራ አስቆመኝ። ተመራማሪዎች ከፊሎቹን ጎሾች የትል መድኃኒት ሰጥተው፣ ከፊሎቹን ሳይሰጡ ለዓመታት ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2015 ታተመ። መድኃኒቱ ጎሾቹ በነቀርሳ እንዳይያዙ አላደረገም። ከተያዙ በኋላ ግን የሚሞቱበት መጠን ወደ ዘጠኝ እጥፍ ቀነሰ። ጥሩ ዜና ይመስላል አይደል? ችግሩ የታመመው ጎሽ ሳይሞት ረጅም ጊዜ ስለሚኖር ለሌሎች ማስተላለፉን ይቀጥላል። በስሌቱ መሠረት የበሽታው የመዛመት አቅም ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል።

ለአንዱ እንስሳ መድኃኒት የሆነው ለመንጋው ጠንቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ጎሽ እንጂ አጋዘን ወይም የዱር አሳማ አይደለም፤ ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ ወደ ዶኛና መውሰድ አይቻልም። ሆኖም አንድን በሽታ ከመንካታችን በፊት «ሌላውስ ምን ይሆናል?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

«በአገራችን የሌለ እንስሳ ምን ያደርግልናል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከብትና የዱር እንስሳ በአንድ ሣርና በአንድ ውኃ የሚገናኙበት ቦታ እኛም ጋ አለ፤ የባሌን ተራሮች ማስታወስ ይበቃል። የከብት ነቀርሳም የጉበት ትልም ለደገኛው ከብታችን እንግዳ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ዛሬ የአውሮፓን የዱር አሳማ የሚፈጀው የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝ መነሻው አህጉራችን ነው። በ1921 በኬንያ የተገለጸው ይህ ቫይረስ በከርከሮና በአንድ ዓይነት መዥገር መካከል እየተመላለሰ ይኖራል፤ ከርከሮው አይታመምበትም። በ2007 ጆርጂያ ገባ፤ በ2014 የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የዱር አሳማዎች ላይ ደረሰ። በአገራችንም በ2011 በቤት አሳማ ላይ ተረጋግጧል። ምልክቱ ከሌላው የአሳማ ወረርሽኝ፣ ክላሲካል ከሚባለው ጋር በዓይን አይለይም። ጫካ ውስጥ ሞቶ የተገኘ አሳማ ለዚህ ቫይረስ መመርመሩ ትክክል ነው። ፈተናው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ «አለበት» ቢባልም «የለበትም» ቢባልም ቢላውን አስቀምጦ መሄድ ይቀላል።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ ከዚህ ንባብ የያዝኩት ሐሳብ አንድ ነው። በዱር ያለ እንስሳ አንድ በሽታ ብቻ ይዞ አይጠብቀንም። የበሽታው ክብደት፣ የመዛመት ፍጥነቱ፣ የምርመራችን ትክክለኛነት፣ የሕክምናችን ውጤት፣ ሁሉም አብረው በሚኖሩት ሌሎች ተሕዋስያን ይወሰናል። ስለዚህ «በሽታው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም።

ለዲፓርትመንታችንም አንድ ትንሽ ሐሳብ አለኝ። ለልምምድ የምንወስደው ቅጽ በእጃችን ነው፤ ማሻሻሉ ገንዘብ አይጠይቅም። «የተገኘ በሽታ» የሚለው አንድ መስመር አራት ወይም አምስት ይሁን፤ «የታየ ግን ምንም ያልተገኘበት አካል» የሚል ዓምድም ይጨመርበት። ባዶ መስመር ሲያይ ተማሪው ቢላውን ቶሎ አያስቀምጥም። እኔ በቀሩት የልምምድ ቀናት ቅጹ ግርጌ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር እየጨመርኩ ነው የሠራሁት። ጋሼ አንድ ቀን አይተውት ምንም አላሉም፤ ብቻ ጎንበስ ብለው ከሦስተኛው መስመር በታች አራተኛ አሰመሩልኝ።